ለመንገድም ለውድድርም የሚሆን የዲፈረንሻል ቦኮላ የቱ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። የ1989 ሞዴል ቢኤምደብሊው 318 አይ አለኝ፤ ኢ30 የሚባለው። በየቀኑ ማለት ይቻላል ለሥራ ደሴ እመላለስበታለሁ። አልፎ አልፎ ደግሞ አዲስ አበባ እየሄድኩ ከጓደኞቼ ጋር በተዘጋ አስፋልት ላይ በሰዓት እየተለካን እንወዳደራለን። አሁን ከኋላ በኩል ድምፅ ጀምሯል። ነዳጅ ስረግጥ «ጓ»፣ ስለቅም «ጓ» ይላል። መካኒኬ የዲፈረንሻሉ ቦኮላ፣ ማለትም ዲፈረንሻሉ ከመኪናው አካል ጋር ሲታሰር መሃል የሚገባው ማለስለሻ፣ አልቋል አለኝ። ከውጭ ዕቃ የሚያመጣልኝ ዘመድ አለ፤ ግን ምርጫው በዛብኝ። ጎማ አለ፣ ፖሊዩሬቴን የሚባለው ጎማ መሰል ፕላስቲክ አለ፣ ሙሉ አሉሚኒየም አለ። ጓደኞቼ «አሉሚኒየሙን አስገባና ለዘላለም ተገላገል» ይሉኛል። አንድ ቶርኖ ቤት ደግሞ ከናይለን ልሥራልህ ብሎኛል። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አሉሚኒየሙን ተወው። መኪናህ ዕድሜውን የሚገፋው ኮምቦልቻንና ደሴን በሚያገናኘው ጠመዝማዛ አቀበት፣ ሐረጎ ላይ እንጂ ውድድር ሜዳ ላይ አይደለም። ስለዚህ ያለህ ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ጥሩ አምራች የሠራው አዲስ የጎማ ቦኮላ፣ ወይ ጥንካሬው መካከለኛ የሆነ ፖሊዩሬቴን። እኔ አንተን ብሆን መካከለኛውን ፖሊዩሬቴን እወስዳለሁ። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፣ ዋናው ነገርም እሱ ስለሆነ ታገሰኝና ከሥሩ ልጀምርልህ።

ዲፈረንሻሉ የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ የኋላ ጎማዎቹን ወደ ፊት ሲያዞር፣ ራሱ በተቃራኒው መዞር ይፈልጋል። ነዳጅ ስትረግጥ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል። ስትለቅና ሞተሩ መኪናውን ሲይዘው ደግሞ ወደ ታች ይደፋል። ይህን ሁሉ የሚይዘው ማሰሪያው ነው። ጉልበቱ ቀላል እንዳይመስልህ። ሞተሩ 165 ኒውተን ሜትር ቢሰጥ፣ በመጀመሪያ ማርሽ 3.72 ጊዜ፣ ዲፈረንሻሉ ላይ 4.10 ጊዜ ይባዛና ከ2,500 ኒውተን ሜትር ያልፋል። ፍሪሲዮኑን በድንገት ስትለቅ ለቅጽበት ከዚያም ይብሳል። ቦኮላው ያረጀ ከሆነ ዲፈረንሻሉ መጀመሪያ ባዶውን ቦታ ይሄዳል፣ ከዚያ ብረት ከብረት ይጋጫል። የምትሰማው «ጓ» ይሄ ነው።

አሁን ወደ አንተ መኪና እንምጣ። ኢ30 ላይ የዲፈረንሻሉ ፊት በቡሎን በቀጥታ ከሰብፍሬሙ፣ ማለትም የኋላውን እግር ከሚሸከመው የብረት አግዳሚ ጋር ታስሯል፤ መሃላቸው ጎማ የሚባል ነገር የለም። ከኋላ ግን ከአሉሚኒየም ክዳኑ የወጣ አንድ ጆሮ የመሰለ ማሰሪያ አለ። አንተ የምትቀይረው ቦኮላ የሚገባው እዚያ ጆሮ ውስጥ ነው፤ በመሃሉ አንድ ረጅም ቡሎን አልፎ ከመኪናው አካል ጋር ያስረዋል። ሰብፍሬሙ ራሱ ደግሞ በሁለት ትልልቅ ቦኮላዎች ከአካሉ ጋር ተያይዟል፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። እንግዲህ ቁጠራቸው። ሁለቱ የሰብፍሬም፣ አንዱ የዲፈረንሻል። ጭነቱን የሚሸከሙት እንደ ሦስት ጉልቻ አንድ ላይ ሆነው ነው።

ቅድመ ሁኔታው ያልኩህ እዚህ ጋ ይመጣል። የሰብፍሬሙ ቦኮላዎች ከመኪናው ጋር የመጡ ከሆኑ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ጎማቸው ተሰነጣጥቋል፣ ከብረቱ ተላቋል። ነዳጅ ስትረግጥ ሰብፍሬሙ ይንቀሳቀሳል፤ ዲፈረንሻሉም አብሮት ነው የታሰረውና ይንቀሳቀሳል። ከኋላ አሉሚኒየም ካስገባህ ያንን ጆሮ በድን አድርገህ ከአካሉ ጋር ቸነከርከው ማለት ነው። ፊቱ እየተወዛወዘ ጀርባው የማይነቃነቅ ከሆነ፣ መታጠፉን የሚችለው ማነው? ጆሮው ነው። እሱ ሲሰነጠቅ ክዳኑን በሙሉ መቀየር ሊኖርብህ ነው። ጆሮው ከተረፈ ደግሞ ቡሎኑ የታሰረበት የአካሉ ላሜራ ይደክማል።

ይህን ከሜዳ አንስቼ አይደለም የምልህ። የኢ30ን የኋላ እግር አሠራር የወረሰው ዜድ3 የተባለው ቢኤምደብሊው እዚያው ቦታ ላይ የታወቀ ችግር አለበት። ባለ አንድ ጆሮው ዲፈረንሻል የሚታሰርበት የኋላ ሻንጣ ማስቀመጫ ወለል ብየዳው ይለቃል፣ ላሜራው ይቀደዳል። እዚያ መኪና ላይ የተቀመጠው ደግሞ የፋብሪካው ለስላሳ ጎማ ነው።  አንድ ጆሮ የሚችለው ነገር ልክ አለው።

ስለዚህ ሥራው ከግዢ አይጀምርም። መኪናውን ጉድጓድ ላይ አስወጣና የሰብፍሬሙን ቦኮላዎች በፌሮ ግፋቸው። በደንብ የሚንቀሳቀሱ ከሆነ፣ ጎማው ተላቆ ክፍተት የሚታይ ከሆነ፣ ሦስቱንም አብረህ ቀይር፣ በአንድ ዓይነት ጥንካሬ። ሦስቱም ጎማ፣ ወይም ሦስቱም መካከለኛ ፖሊዩሬቴን። ገንዘቡ ለጊዜው ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ደግሞ ዲፈረንሻሉ ላይ አዲስ ጎማ አስገባና የሰብፍሬሙን ለሌላ ጊዜ አቆየው። ሰብፍሬሙ ልል ሆኖ ዲፈረንሻሉ ብቻ ድንጋይ እንዲሆን አታድርግ።

ስለ ጥንካሬ ስናወራ መለኪያው ሾር ኤ ይባላል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዕቃው ይጠነክራል። የፋብሪካ ጎማ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 ባለው ውስጥ ይገኛል። ፖሊዩሬቴን ከ70 ጀምሮ እስከ 95 ይሠራል። ለአንተ ከ75 እስከ 80 ያለው ይበቃል። 95 ለውድድር ብቻ ለተዘጋጀ መኪና ነው። ቀለሙን አይተህ አትግዛ። ፓወርፍሌክስ የሚባለው አምራች ሐምራዊውን ለመንገድ፣ 95 የሆነውን ጥቁር ለውድድር ያደርጋል፤ ሌላው አምራች ግን በጥቁርም በቀይም ተመሳሳዩን ጥንካሬ ሊሠራ ይችላል። ዘመድህ የሚያመጣልህ ዕቃ ላይ ቁጥሩ ካልተጻፈ ሻጩን በጽሑፍ ይጠይቅልህ።

ጎማና ፖሊዩሬቴን የሚለያዩት በጥንካሬ ብቻ አይደለም። የጎማው ቦኮላ ከውስጥና ከውጭ ብረቱ ጋር ተጋግሮ የተጣበቀ ነው፤ ጭነት ሲመጣበት ራሱ ጎማው ይጠማዘዛል እንጂ ከብረቱ ጋር አይፋተግም። ፀጥ ይላል፣ ንዝረት ይበላል። ጠላቱ ዘይት ነው። ዲፈረንሻልህ ከኋላ የሚያልብ ከሆነ አዲሱንም ጎማ ቀስ በቀስ ያበሰብሰዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚያልበውን አስደፍን። ፖሊዩሬቴን ዘይትን በደንብ ይችላል፣ ረጅም ዕድሜ አለው፣ ብዙ ጊዜ በሁለት ግማሽ ስለሚመጣ በእጅም ይገባል። «ሲጥ ሲጥ ይላል» የሚባለው ወሬ እውነትነቱ ለክንዶች ነው፣ ለሚዞሩትና ለሚወዛወዙት። የዲፈረንሻሉ ቦኮላ ብዙ ስለማይዞር አብሮት የሚመጣውን ግራሶ ቀብተህ ካስገባኸው ድምፁ አያስቸግርህም።

ሌላ ድምፅ ግን አለ፣ ቀድመህ እወቀው። ትልቁ የዲፈረንሻል ማርሽ 41 ጥርስ ካለው፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ጥርሶቹ በሰከንድ 480 ጊዜ ገደማ ይገናኛሉ። ይህ ለጆሮ በደንብ የሚሰማ «ዊ» የሚል ድምፅ ነው። ለስላሳ ጎማ ይውጠዋል። መካከለኛ ፖሊዩሬቴን ትንሽ ያሳልፈዋል። አሉሚኒየም ሙሉውን ወደ ሻንጣው ወለል ይልከውና የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡት ልጆችህ ኮምቦልቻ እስኪደርሱ ይሰሙታል። ብዙ ሰው ጠንካራ ቦኮላ አስገብቶ «ዲፈረንሻሌ ተበላሸ» ብሎ ይደነግጣል። አልተበላሸም፤ ድሮም የነበረው ድምፅ ነው አሁን የተገለጠው። ግን በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ያ ድምፅ ያሰለቻል።

አሁን ደግሞ አገራችንን እንይ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበት ያጣል። ደሴ ላይ የሚያጣው ወደ ሩብ ይጠጋል። መኪናህ በፋብሪካው ወረቀት 113 የፈረስ ጉልበት ገደማ ቢሆን፣ ደሴ ፒያሳ ላይ ያለው ከ90 በታች ነው። የ95 ፖሊዩሬቴንና የአሉሚኒየሙ ጥቅም የሚታየው እጥፍ ጉልበት ባለው መኪና፣ ሰፊና ለስላሳ ጎማ አስሮ ከቆመበት በሚነሳበት ጊዜ ነው። አንተ ጋ ችግሩ የጉልበት ብዛት ሳይሆን የጭነቱ መመላለስ ነው።

ሐረጎን አስበው። ስትወጣ በእያንዳንዱ ጥምዝ መውጫ ላይ ትረግጣለህ፣ መግቢያው ላይ ትለቃለህ። ስትወርድ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ይይዝሃል፣ ከፊት አንድ አይሱዙ እያዘገመ ከሆነ ደግሞ ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ እያልክ ነው የምትጨርሰው። ዲፈረንሻሉ በዚያ ሁሉ መንገድ አፍንጫውን ሲያነሳና ሲደፋ ይውላል። በውድድር ሜዳ አንድ ሰዓት ከሚደርስበት ይልቅ በዚህ መንገድ አንድ ወር የሚደርስበት ድካም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ለዚህ የሚያስፈልገው ትንሽ የሚታዘዝ፣ ግን ቶሎ ወደ ቦታው የሚመለስ ነገር ነው። አሉሚኒየም አይታዘዝም፣ ስለዚህ እያንዳንዱን ምት ለላሜራው ያስረክባል።

ናይለኑን በተመለከተ። ቶርኖ ቤቱ ልኩን አስተካክሎ እንደሚሠራልህ አልጠራጠርም፤ ኮምቦልቻና ደሴ ላይ እጃቸው የተባረከ ቶርኖዎች አሉ። ችግሩ ዕቃው ነው። ናይለን እርጥበት ይመጥና ያብጣል። ለበጋ በልኩ የተቆረጠው በደሴ ክረምት፣ ጉምና ዝናብ ሲፈራረቅበት ልኩ ይቀየራል። ከፖሊዩሬቴኑም በጣም የጠነከረ ስለሆነ ጠባዩ ወደ አሉሚኒየሙ ያደላል። የግድ በአገር ውስጥ የሚሠራ ከሆነ አሴታል የሚባለው ፕላስቲክ እርጥበት እምብዛም አይመጥም፤ እሱም ቢሆን ግን ለውድድር መኪና ነው የሚስማማው። ከከባድ መኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራውንም አይቻለሁ። ከብረቱ ጋር ስላልተጣበቀ በጥቂት ጊዜ ይፈጫል። እሱን ለዲፈረንሻል አትሞክረው።

ዕቃው ከመታዘዙ በፊት የመካኒክህን ቃል ራስህ አረጋግጥ። እምነት አጥቼ አይደለም፣ ይህን ድምፅ የሚያሰሙ ሌሎችም ስላሉ ነው። ከካምቢዮው ጀርባ ረጅሙ ዘንግ የሚጀምርበት ክብ ጎማ አለ፤ ሲሰነጠቅ ልክ እንዲህ ያለ ምት ይሰጣል። ዘንጉ የሚሽከረከርበት የመሃል ኩሽኔታ አለ፣ የዘንጉ መገጣጠሚያ የሆነው ክሮቼራ አለ፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚሸከሙት ሱፖርቶዎች አሉ። መኪናውን አስተካክለህ አቁም፣ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ድንጋይ አድርግባቸው፣ ሞተሩ ጠፍቶ ካምቢዮው ባዶ ይሁን። ከዚያ ከሥር ገብተህ ረጅሙን ዘንግ በእጅህ ግራና ቀኝ አዙረው። ክፍተቱ የት ላይ እንደሆነ ዓይንህ ያየዋል። ቀጥለህ በዲፈረንሻሉ ክዳንና በአካሉ መካከል ፌሮ አስገብተህ ጫን በለው። ጆሮው ውስጥ ያለው ብረት ከመሃሉ ወጥቶ ወደ አንድ ጎን ከተቀመጠ፣ ወይም ጎማው ተላቆ ክፍተቱ ከታየ፣ መካኒክህ እውነቱን ነው።

ልኩንም ውሰድ። ኢ30 ላይ አነስተኛው 168፣ ትልቁ 188 የሚባል ዲፈረንሻል አለ፤ የአንተ 318 ከፋብሪካ የወጣው በትንሹ ነው። በ30 ዓመት ውስጥ ግን አንዱ ባለቤት ሌላ ዲፈረንሻል አስገብቶበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጆሮውን የውስጥ ስፋት፣ የቦኮላውን ቁመትና የቡሎኑን ውፍረት በካሊፐር ለካና ለዘመድህ ፎቶውን ጨምረህ ላክለት። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄደህ ከፈረሰ መኪና የወጣ ጎማ ቦኮላ እንዳትገዛ። እሱም እንደ አንተው ቦኮላ ዕድሜውን የጨረሰ ነው።

ለውድድሩ ካሰብክ ደግሞ የተረፈህን ገንዘብ ጎማ፣ የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይት ላይ አውለው። በሰዓት ስትወዳደር ልዩነቱን የሚያሳዩህ እነሱ ናቸው። እና እባክህ፣ ሐረጎን መለማመጃ አታድርጋት።

ጥያቄ፦ እኔ ደሴ ውስጥ በአሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ ነው የምሠራው፣ የኋላ ጎማ የሚነዳው። ዕድሜዬም ገፍቷል፣ መኪናዋም ገፍታለች። ከሸዋ በር ወደ ላይ ስነሳ ከኋላ ይመታል። አንድ ወጣት የዲፈረንሻል ቦኮላ በፖሊዩሬቴን ቀይር አለኝ። ገንዘቤን ላውጣ?

መልስ፦ አባቴ፣ ለጊዜው አያውጡ። የእርስዎ መኪና የዲፈረንሻል ቦኮላ የላትም። ዲፈረንሻሉና አክስሉ አንድ ወጥ አካል ናቸው፤ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ቦኮላዎቹ ያሉት አክስሉን ከሻንሲው ጋር በያዙት ክንዶች ላይ ነው። ሞላ ያላት ከሆነች ሁለት የታችና ሁለት የላይ ክንዶች አሏት፣ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዝ አግዳሚ ዘንግም አለ። እያንዳንዱ በሁለት ጫፉ ቦኮላ ስላለው ጠቅላላው 10 ነው። ባሌስትራ ያላት ከሆነች ደግሞ የባሌስትራው ጫፎች ላይ ይፈልጉ።

የቱ እንዳለቀ ድምፁ ይናገራል። ሲነሱና ፍሪሲዮን ሲለቁ ብቻ ከመታ የክንዶቹ ናቸው። ጉድጓድ ላይ ወይም መታጠፊያ ላይ የኋላው ወደ ጎን ሸርተት የሚል ከሆነ የአግዳሚው ዘንግ ነው። ወደ ኋላ ሄደው ወደ ፊት ሲቀይሩ ቀጭን የብረት «ቅጭ» ከሰሙ ክሮቼራውን ያስፈትሹ፤ እሱ ከተበላሸ አይቆይም፣ ቶሎ ያሠሩት። ረጅሙ ዘንግ እየሄዱ ቢወድቅ አደጋ ነው።

ፖሊዩሬቴኑን እርስዎ መኪና ላይ አልመክርም። አንደኛው ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ አክስሉ ይንጋደዳል፣ ክንዶቹም መጠማዘዝ አለባቸው። ጎማ ይጠማዘዛል፣ ፖሊዩሬቴን እምቢ ይላል። በደሴ ኮብልስቶንና ፍርስራሽ መንገድ መኪናዋን ያደርቅብዎታል። የጎማውን ያስገቡ፤ ሲያስገቡም መካኒኩ የክንዶቹን ቡሎን የመጨረሻ ማጥበቂያ መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ቆማ ያድርገው። በክሪክ ተንጠልጥላ ከጠበቀ፣ ስትወርድ ጎማው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጠማዝዞ ይኖራል፣ በአጭር ጊዜም ይቀደዳል። ይህችን አንዲት ነገር ብዙ ቦታ አያደርጓትምና ቆመው ያሠሩ።

ጥያቄ፦ ራቭ ፎር አለኝ፣ አራቱም ጎማ የሚነዳ። ለንግድ ከደሴ ሐይቅ ከተማ እመላለሳለሁ። ከኋላ «ኡኡ» የሚል ድምፅ አለ፤ ጋራዡ ዲፈረንሻሉ ሙሉው ይቀየር አለኝ። ዋጋው አስደነገጠኝ።

መልስ፦ እትዬ፣ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ቀላል ነገር ይሞክሩ። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ እየሄዱ ነዳጁን ይርገጡ፣ ከዚያ ይልቀቁ። ድምፁ ሲረግጡና ሲለቁ የሚቀያየር ከሆነ ወደ ዲፈረንሻሉ ያመለክታል። ነዳጁ ላይ ሳይሆን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲታጠፉ የሚጨምርና የሚቀንስ ከሆነ ግን የመኪናው ጎማ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ነው፤ የእሱ ዋጋ ከዲፈረንሻሉ ጋር አይወዳደርም።

ቀጥሎ የዲፈረንሻሉን ዘይትና የሚይዙትን የጎማ ሱፖርቶዎች ያስዩ። ሱፖርቶው ሲላቀቅ ጤነኛ ዲፈረንሻልም ይጮኻል። እነሱን ሲቀይሩ የጎማውን ኦሪጅናል ይግዙ፣ ጠንካራውን አያምጡ፤ መኪናዎ ለምቾት የተሠራ ነው። አራቱም ጎማዎችዎ ልካቸውና አረጃጀታቸው አንድ ይሁን። ሁለት አዲስና ሁለት ያለቀ ጎማ ካሰሩ የፊትና የኋላው ፍጥነት ስለማይገጥም ዲፈረንሻሉ ሁልጊዜ ይጨነቃል። ይህ ሁሉ ታይቶ ድምፁ ካልጠፋ ያኔ ስለ ዲፈረንሻሉ እናወራለን።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ሥራ እየተማርኩ ነው። አሮጌ ቦኮላ ስናወጣ ጎማውን በእሳት እናቃጥለዋለን፣ ቶሎ ይወጣል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ ትልቅ ችግር። የሚቃጠል ጎማ ጭስ መርዝ ነው፤ አንተ ገና ረጅም ዕድሜ የምትሠራበት ሳንባ ነው ያለህ። ቀጥሎ፣ ዲፈረንሻሉ መኪናው ላይ እንዳለ የሚቃጠል ከሆነ አጠገቡ የነዳጅ ታንከር አለ። መጀመሪያ የጻፈልን የቢኤምደብሊው ባለቤት መኪና ላይ ታንከሩ የኋላ ወንበር ሥር ነው፣ ለዲፈረንሻሉ ቅርብ። ሦስተኛ፣ ክዳኑ አሉሚኒየም ከሆነ በእሳት ጥንካሬውን ያጣል፤ ዓይንህ ምንም ላያይ ይችላል፣ ጆሮው ግን ደክሟል።

እንዲህ አድርግ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አንሳና በማቆሚያ እግር ላይ አሳርፈው፣ በክሪክ ብቻ አትተማመን። ዘይቱን ከማፍሰስህ በፊት የመሙያውን ክዳን ፍታ። የመሙያው ዝጎ እምቢ ካለህና ዘይቱን አስቀድመህ ካፈሰስክ መኪናው እዚያው ይቀራል። ከዚያ ዲፈረንሻሉን ከሥር ደግፈህ የኋላውን ቡሎን አውጣ፣ ክዳኑን ፍታ።

አሮጌው ቦኮላ ከመውጣቱ በፊት አቀማመጡን በቀለም ምልክት አድርግ። አንዳንዱ ጎማ በአንድ በኩል ባዶ ክፍተት አለው፤ ክፍተቱ በየት በኩል እንደነበር ካላስታወስክ አዲሱን አዙረህ ልታስገባው ትችላለህ፣ ያኔ ለስላሳ መሆን ባለበት በኩል ጠንካራ ይሆናል። ፕሬስ ካላችሁ ጆሮውን ከሥሩ ዙሪያውን አስደግፈህ ግፋው። ከሌላችሁ ረጅም ቡሎን፣ ቦኮላው የሚያልፍበት ቱቦና ወፍራም ሮንዴላ አድርጋችሁ እየጠበቀ እንዲስበው አድርጉ። እሱም እምቢ ካለ ጎማውን በድሪል ብላው፣ የቀረውን የብረት ቀለበት በመጋዝ በአንድ በኩል ቁረጠውና ወደ ውስጥ አጥፈው። መጋዙ ክዳኑን እንዳይነካ ቀስ በል። በመዶሻ ክዳኑን እንዳትመታ፤ አሉሚኒየም ይሰነጠቃል።

ስታስገባ የውጭ ቀለበቱን ብቻ ግፋ። መሃሉን ከገፋህ ጎማውን ከመጀመሪያው ትቀድደዋለህ። ለጎማ የሳሙና ውሃ ተጠቀም፣ ግራሶና ዘይት አትቀባ። ለፖሊዩሬቴን ግን አብሮት የመጣውን ግራሶ ቀባ። ክዳኑን በአዲስ ጋስኬት ግጠም፣ መተንፈሻው ያልተደፈነ መሆኑን እይ፤ ከተደፈነ ግፊቱ ዘይቱን በሲሎቹ በኩል ይገፋዋል፣ ዘይቱም ያስገባኸውን ጎማ ይበላዋል። ዲፈረንሻሉ ሎክ ያለው ዓይነት ከሆነ ለእሱ የተሠራ ዘይት ያስፈልገዋል፣ ባለመኪናውን ጠይቅ። ዘይቱን መሙያው አፍ ላይ ደርሶ መፍሰስ እስኪጀምር ጨምር።

ዲፈረንሻሉ ከሥር በክሪክ ተገፍቶ ሳለ የኋላውን ቡሎን አታጥብቀው። መጀመሪያ ክሪኩን ዝቅ አድርግና በራሱ ቦታ ይቀመጥ፤ ቡሎኑ በእጅ ወጣ ገባ ካለ ቦታው ትክክል ነው፣ ከዚያ በፋብሪካው ልክ በቶርክ ቁልፍ አጥብቀው። ባለመኪናው 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳ በኋላ እንዲመለስ ንገረውና ቡሎኑን ዳግመኛ ፈትሽለት።